በአንድ ቀን ከተማ ይታወቃልን?

 

ውድ አንባቢ ሆይ! ዛሬ ከመካከላችን ወደ ባዕድ ከተማ ሰው ያልሸኘ ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግራል። የአንዱ ልጅ ጅዳ ነው፤ የሌላው ዱባይ ወይም ቤሩት ነው፤ ሩቅ ያልሄደውም ከደባርቅ ወይም ከዳባት ተነስቶ አዲስ አበባ ገብቷል። መንገደኛው እንደደረሰ ስልክ ይደውላል። ቤተሰቡም ጤንነቱን ከጠየቀ በኋላ ወዲያው የሚያስከትለው ጥያቄ «አገሩ እንዴት ነው? ሰዉስ እንዴት ነው?» የሚል ነው። መንገደኛው ሻንጣውን እንኳ ሳይፈታ መልሱን ይሰጣል። ወይ «ይህስ የዱንያ ገነት ነው» ይላል፤ ወይ ደግሞ «የሰዉ ፊት አይፈታም፤ ልቡ ድንጋይ ነው» ይላል። ያች ቃል ከቤት ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ገበያ ትሄዳለች። ሳምንት ሳይሞላ መንደሩ በሙሉ በዓይኑ ያላየውን ከተማ «እናውቀዋለን» ማለት ይጀምራል።

ታዲያ እስኪ ቆም ብለን እንጠይቅ። ገና አንድ ሌሊት ያላደረ ሰው ስለ አንድ ከተማና በውስጡ ስለሚኖረው ሕዝብ የሚናገረው ቃል ምን ያህል ይታመናል? ይህ ቃል ዝም ብሎ ጨዋታ ነው ወይስ አላህ ዘንድ የሚያስጠይቅ ምስክርነት? ነገሩ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም «ገነት ነው» በሚል በአንድ ምሽት ቃል ተማርኮ ቤቱን ሽጦ የተሰደደ አለ። «ሰዉ ክፉ ነው» ብሎ በመጀመሪያው ቀን ልቡን ዘግቶ ዓመታትን በምሬት የገፋም አለ። ስለዚህ ጥያቄው የዲናችንን ሚዛን የሚሻ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የመጀመሪያ እይታ ከምን እንደሚሠራ እንመልከት። ደባርቅ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ደጋ ናት። ጧት ከደባርቅ ጋቢውን ተከናንቦ መኪና የተሳፈረ ሰው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ዛሪማ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። ላቡን እየጠረገም «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት አገር ነው!» ይላል። ከቆላው ሽቅብ የመጣው መንገደኛ ደግሞ ደባርቅ ላይ ወርዶ በብርድ እየተንቀጠቀጠ «ሰው እዚህ እንዴት ይኖራል?» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ነገር ግን ዛሪማም አልበደለች፤ ደባርቅም አላጠፋች። ሁለቱ መንገደኞች የተናገሩት ስለ ከተሞቹ ሳይሆን ስለ ለመዱት አየርና ስለ ለበሱት ልብስ ነው።

በባዕድ ከተማም የሚሆነው ይኸው ነው። በእኛ አገር ሰው ከሰው ሲገናኝ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ሳይጠያየቅ አይላቀቅም። እንዲህ ያለ ሰላምታ ለምዶ ያደገ ሰው በትልቅ ከተማ ጎዳና ላይ ሁሉም ሲሮጥ ያያል፤ አንድ ቃል ብሎት ያለፈውን ሰው «ኩራተኛ ነው» ይለዋል። ያ ሰው ምናልባት ሥራው ረፍዶበት ይሆናል፤ ምናልባትም ልጁ ታሞበት ወደ ሐኪም ቤት እየሮጠ ይሆናል። በተቃራኒው ደግሞ ሌሊቱን እንደ ቀን የሚያበራውን መብራትና ሰማይ የነካውን ሕንፃ ያየ ሰው «እዚህ ችግር የለም» ብሎ ይወስናል። መብራቱ ግን የሕንፃውን መስታወት እንጂ የሕንፃውን ወለል በሌሊት የሚያጥበውን ስደተኛ አያሳይም። እንግዲህ ያለ እውቀት መጥላት ስህተት እንደሆነ ሁሉ ያለ እውቀት ማድነቅም ስህተት ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኢስራእ 36ኛ አንቀጽ እውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል ከልክሎናል፤ ጆሮም ዓይንም ልብም እያንዳንዳቸው እንደሚጠየቁ አስጠንቅቆናል። ልብ በሉ! ዓይንም ተጠያቂ ናት። «አይቻለሁ» ማለት ብቻውን ነፃ አያወጣም፤ «ምን ያህል አየህ? ባየኸውስ ላይ ምን ጨመርህበት?» የሚል ጥያቄ ይከተላል።

ከሙስሊም ተጓዦች መካከል ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሳውን የኢብን ባጡጣን ታሪክ ለአብነት እናንሳ። ይህ ሰው በሞሮኮ ከምትገኘው ከትውልድ ከተማው ከጣንጃ እ.ኤ.አ በ1325 ለሐጅ ሲነሳ ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ከረጅም ጉዞ በኋላ ቱኒስ ሲደርስ የከተማው ሰዎች ተጓዦቹን ለመቀበል ወጡ። እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀውን እያቀፈ ሰላምታ ሰጠ። እሱን ግን የሚያውቀው ስላልነበረ ማንም ሰላም አላለውም። በዚህ ጊዜ ወጣቱ ልቡ ተሰብሮ እንዳለቀሰ ራሱ ተርኳል። ከሐጅ ተጓዦቹ አንዱ ሁኔታውን ተረድቶ ወደ እሱ ቀረበ፤ ሰላም አለው፤ ከተማውም እስኪገባ ድረስ እያጫወተው አብሮት ሄደ። ከዚያም በአንድ መድረሳ አረፈ። ከብዙ ዓመታት ጉዞ በኋላ፣ ስንት ነገሥታትንና ስንት ባሕር አይቶ ሲመለስ፣ ያች የቱኒስ እንባና ያ የአንድ ሰው ሰላምታ ከልቡ አልጠፉም ነበር።

ይኸው ሰው ታዲያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ እኛው ቀጠና መጣ። በመርከብ ዘይላዕ ደረሰ። ዘይላዕ በዚያ ዘመን ከመካከለኛው አገር የሚወርደው ንግድ ወደ ባሕር የሚወጣባት ትልቅ ወደብ ነበረች። ኢብን ባጡጣ ታላቅ ገበያ ያላት ትልቅ ከተማ መሆኗን አልካደም። ነገር ግን የዓሣው ብዛትና በየመንገዱ የሚታረደው ግመል ደም ከፈጠሩት ሽታ የተነሳ በዓለም ላይ እንደ እሷ ያለች ቆሻሻ ከተማ እንደሌለች አድርጎ ገለጻት። ባሕሩ የሚናወጥ ቢሆንም ከተማዋ ውስጥ ከማደር ይልቅ መርከቡ ላይ ማደርን መረጠ። ከዚያም ጉዞውን ወደ መቃዲሹ ቀጠለ። ዘይላዕ ይህን ከተናገረባት ሰው ጋር የነበራት ትውውቅ ይህን ያህል ብቻ ነበር። ሆኖም ያ ቃል በመጽሐፍ ሰፍሮ ይኸው ከ600 ዓመት በላይ ይነበባል።

አሁን ደግሞ ሌላውን ገጽ እንግለጥ። ኢብን ባጡጣ በሽታዋ ምክንያት ያላደረባት ዘይላዕ ስሟን ለታላላቅ ዓሊሞች የሰጠች ከተማ ናት። በዚያው ዘመን ካይሮ ላይ ዑስማን ኢብን ዐሊይ አዝ-ዘይለዒይ የሚባሉ የሐነፊ ፊቅህ ሊቅ ያስተምሩ ነበር፤ በ743 ዓመተ ሂጅራም እዚያው አርፈዋል። ከእሳቸው በኋላ ደግሞ ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒይ «ነስቡር ራያ» የተባለውን የሐዲስ መጽሐፍ አዘጋጅተው በ762 ዓመተ ሂጅራ ወደ አኺራ ሄዱ። ይህ መጽሐፍ ዛሬም በዓለም ዙሪያ የሐዲስ ተማሪዎች እጅ ላይ ነው። ከዚሁ ቀጠና የሄዱ ደረሶችም በአል-አዝሀር ውስጥ «ሪዋቅ አል-ጀበርቲ» ተብሎ የሚታወቅ ማረፊያ ነበራቸው። እንግዲህ ፍረዱ! ከዘይላዕ የባሕር ዳር ሽታ ያልተሻገረ አፍንጫ የዘይላዕን ስም ያስጠሩት ሰዎች ዘንድ ሊደርስ ይችል ነበርን? ኢብን ባጡጣ ሽታውን በሐሰት አልፈጠረውም፤ የነገረን ግን የአንድን ቀን ዘይላዕ ብቻ ነው። ቱኒስ ላይ አንድ ሰው ቀርቦ እንባውን ስላበሰለት ከተማዋ ተከፈተችለት። ዘይላዕ ላይ ግን እሱም አልቀረበም፤ እሷም አልተከፈተችም።

ታዲያ አንድን ከተማ አውቀዋለሁ ለማለት ምን ያስፈልጋል? ለዚህ ጥያቄ የኸሊፋው የዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዳኝነት መልስ ይሰጠናል። አንድ ሰው ስለ ሌላው መልካምነት ሊመሰክር በፊታቸው በቀረበ ጊዜ ዑመር ሦስት ነገሮችን ጠየቁት። ጠዋትና ማታ መውጫ መግቢያውን የሚያውቅ ጎረቤቱ መሆኑን፣ በዲናርና በዲርሃም ተገበያይቶት እንደሆነ፣ እንዲሁም ጠባይን ገልጦ በሚያሳየው በጉዞ ላይ አብሮት ሄዶ እንደሆነ ጠየቁት። ሰውዬው ለሦስቱም «የለም» የሚል መልስ ሰጠ። ዑመርም እንግዲያው አታውቀውም ብለው ምስክርነቱን ሳይቀበሉ ቀሩ። ዐረብኛ የቀሩ ሁሉ እንደሚያስታውሱት «ሰፈር» የሚለው የጉዞ ስም ከመገለጥ ጋር ከአንድ ሥር የሚመዘዝ ቃል ነው፤ ጉዞ የሰዎችን ጠባይ ይገልጣልና።

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ወደ ከተማ እናዙራቸው። በዚያ ከተማ ጎረቤት ነበርህን? ይኸውም ስትታመም ማን በርህን እንዳንኳኳ፣ ሲታመሙስ የማንን በር እንዳንኳኳህ ታውቃለህን? በዚያ ከተማ ተገበያይተሃልን? ይኸውም ዋጋውን በማታውቅበት ጊዜ ማን እንደ አታለለህ ብቻ ሳይሆን ሂሳብ ተሳስተህ ጨምረህ የከፈልኸውን ማን ተከትሎ እንደመለሰልህ ታውቃለህን? በዚያ ከተማ ሰዎች ጋር መንገድ ሄደሃልን? ይኸውም አውቶቡሱ ሲበላሽ፣ ዝናቡ ሲይዛችሁ፣ ስንቅ ሲያልቅ እንዴት እንደሚሆኑ አይተሃልን? እነዚህን ካላየህ ያየኸው የከተማውን በር ነው። የበሩን ቀለም ተናገር፤ ስለ ቤቱ ግን አትመስክር።

እዚህ ላይ አንድ ወላጅ «ታዲያ ልጄ ያገኘውን ሁሉ ይመን ማለትህ ነውን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባዕድ ከተማ ውስጥ አታላይ ደላላ አለ፤ ሌባ አለ፤ ወጣቶችን ወደ ሐራም የሚጎትት አለ። እስልምና የዋህ ሁን እንጂ ሞኝ ሁን አላለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያም በአላህ እንዲመካ መክረውታል። ስለዚህ መንገደኛ ፓስፖርቱን ይጠብቅ፤ ገንዘቡን በአንድ ኪስ አያኑር፤ ለማያውቀው ሰው ምሥጢሩን አያውጣ፤ የሚያርፍበትን ሳያጣራ አይሂድ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ነው። ጥንቃቄ ግን የእጅ ሥራ ነው፤ ፍርድ የልብና የምላስ ሥራ ነው። ግመልህን ስታስር በአጠገብህ ያለውን ሰው ሌባ ነው ማለትህ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት ከጥርጣሬ ብዙውን እንድንርቅ ያዘዘን፣ ከጥርጣሬ ከፊሉ ወንጀል መሆኑንም የነገረን ለዚህ ነው። እዚያው ሱራ ውስጥ ቀጥሎ በሕዝቦችና በጎሣዎች ተከፋፍለን የተፈጠርነው እንድንተዋወቅ መሆኑን ገልጾልናል። መተዋወቅ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ በአንድ እይታ አይፈጸምም።

የመጀመሪያው ቀን ስሜት ከእውነቱ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ከመዲና የበለጠ ማስረጃ አይኖርም። ዛሬ ማንኛውም ሙስሊም የመዲና ስም ሲነሳ ልቡ ይርዳል። ነገር ግን ከመካ የተሰደዱት ሰሐቦች መዲና እንደገቡ ምን እንዳገኛቸው እናስታውስ። ከተማዋ ወባና ትኩሳት የበዛባት ነበረችና አቡበክርና ቢላል (ረ.ዐ) በትኩሳት ተያዙ። ቢላል ትኩሳቱ ጋብ ባለለት ቁጥር የመካን ሸለቆ፣ የመካን ሣርና የመካን ውኃ እያነሳ ይናፍቅ ነበር። እነዚህ የኢማን ተራሮች ናቸው! ስለ አላህ ብለው የተሰደዱ ናቸው! ያም ሆኖ ልባቸው አዲሲቱን ከተማ ወዲያው አልለመዳትም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ስለዚህ ናፍቆት አልገሠጿቸውም። ይልቅስ እጃቸውን ወደ አላህ አንስተው መዲናን እንደ መካ ወይም ከዚያ በላይ እንዲያስወድዳቸው፣ አየሯን ጤናማ እንዲያደርገው፣ በመስፈሪያዋም በረካ እንዲያኖርበት ለመኑ። ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ነገር አለ። የባዕድ ከተማ ፍቅር በዓይን የሚገኝ ነገር ሳይሆን በዱዓ የሚለመን፣ በኑሮም የሚገነባ ነገር ነው። አገርን መናፈቅ ኃጢአት አይደለም። ናፍቆትን በሌላው አገር ላይ ወደ እርግማን መለወጥ ግን አይገባም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አንድ ከተማ ሲቃረቡ ገና ሳይገቡ የሚያደርጉት ዱዓም ይህንኑ ያስተምረናል። በዱዓው የከተማዋን መልካምና የነዋሪዎቿን መልካም ይለምናሉ፤ ከእሷና ከነዋሪዎቿ ክፋትም በአላህ ይጠበቃሉ። ሚዛኑን ተመልከቱ! ከተማዋ መልካምም ክፉም ነገር እንዳላት አስቀድሞ ታውቋል። መልካሙ ግን በቅድሚያ ይለመናል። ይህን ዱዓ ብሎ የገባ ሰው ከተማዋን «ገነት» አይላትም፤ «ጀሐነም»ም አይላትም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በባዕድ ከተማ መጀመሪያ ምን ማየት እንዳለብን ቁርኣን በነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ታሪክ አሳይቶናል። ሙሳ ከፊርዐውን አገር ሸሽተው መድየን ሲደርሱ ስንቅ አልነበራቸውም፤ ዘመድም አልነበራቸውም፤ ደክመዋል፤ ተርበዋል። እንዲህ ያለ ሰው ባዕድ አገር ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚፈልገው ምግብና ማደሪያ ነው። ሱረቱል ቀሶስ እንደሚተርክልን ግን እሳቸው በውኃው ዙሪያ ከተሰበሰቡት ሰዎች ወዲያ መንጎቻቸውን ይዘው ተራ የሚጠብቁትን ሁለት ሴቶች አዩ። ጉዳያቸውን ጠየቁ፤ አጠጡላቸው፤ ዋጋም አልጠየቁም። ከዚያም ወደ ጥላ ዞር ብለው ችግራቸውን ለአላህ ብቻ ነገሩ። ወዲያው የሆነውን ታውቃላችሁ። ማደሪያም፣ ሥራም፣ ትዳርም የተከፈተላቸው ከዚያች የመጀመሪያ ሰዓት በጎ ሥራ ነው። ሙሳ ያን ጊዜ «የመድየን ሰዎች ደካማን ገፍተው መንጋቸውን ያጠጣሉ፤ ክፉዎች ናቸው» ብለው ፊታቸውን አዙረው ቢሄዱ ኖሮ በዚያችው ከተማ ያሉትን የደጉን ሽማግሌ ቤት ባላወቁ ነበር። ስለዚህ ለእንግዳ የተሻለው ጥያቄ «ይህ ከተማ ለእኔ ምን አለው?» የሚለው ሳይሆን «እዚህ የእኔን እጅ የሚፈልግ ማን አለ?» የሚለው ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ! የእኛዋ አገርም ለሌሎች ባዕድ አገር ነበረች። እ.ኤ.አ በ615 ገደማ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከመካ ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ቋንቋውን፣ ምግቡንና ልማዱን ወደማያውቁት አገር ነው የመጡት። ስለዚያ ስደት ሁለት የተከበሩ ሴቶች የተናገሩት ደርሶናል። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) በነጃሺ ዘንድ መልካም ጉርብትና እንዳገኙ፣ በሃይማኖታቸው ሳይነኩ አላህን እንዳመለኩ ተርከዋል። አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ደግሞ ከዓመታት በኋላ ወደ መዲና ተመልሰው ስለ ስደታቸው ሲከራከሩ በሩቅና በማይወደድ ባዕድ አገር፣ በችግርና በፍርሃት መኖራቸውን ተናግረዋል። እንግዲህ ከሁለቱ ማንን እንመን? ሁለቱንም ነው። አንደኛዋ የተናገሩት ስለ አስተናጋጁ ፍትሕ ነው፤ ሌላዋ የተናገሩት ስለ ስደት ክብደት ነው። ፍትሐዊ ንጉሥ ባለበት አገርም ስደት ስደት ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የአስማእን ቃል ሰምተው በመርከብ ለመጡት ስደተኞች የሁለት ሂጅራ ምንዳ እንዳላቸው አበሰሯቸው። ይኸው አስማእም ቢሆኑ ከሐበሻ መልካም ነገር ይዘው ሄደዋል። የነቢዩ ልጅ ፋጢማ (ረ.ዐ) የሴት ጀናዛ ቅርጽዋ እየታየ መወሰዱ ባሳሰባቸው ጊዜ አስማእ በሐበሻ ያዩትን የተሸፈነ ቃሬዛ አሳይተዋቸዋል፤ ፋጢማም ወደዱት። እነሆ ለረጅም ጊዜ የኖረ ሰው ምስክርነት! ምሬቱን አይደብቅም፤ በጎውንም አይክድም።

አሁን ደግሞ ወደ ቤታችን እንመለስ። ደባርቅ ላይ በየጊዜው የሰው አገር ሰው ይወርዳል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ጭላዳንና ዋልያን ለማየት የሚመጣ ጎብኚ የሚመዘገበው፣ መሪና ጠባቂ የሚይዘው፣ በቅሎ የሚከራየው በከተማችን ነው። ከእነዚህ አንዱ ለአንድ ሌሊት አድሮ «ደባርቅ ጭቃና ብርድ ናት፤ ሰዉም ገንዘብ ብቻ ነው የሚያየው» ብሎ ቢጽፍ አንቆጣምን? «መቼ ቤታችን ገባ? መቼ ቡናችንን ጠጣ? መቼ ሐዘናችንን አየ?» አንልምን? እንግዲያውስ ለእኛ የከፋን ነገር በሌላው ከተማ ላይ ልንናገረው አይገባም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለራሳችን የምንወደውን ለወንድማችን እስክንወድ ድረስ እምነታችን ሙሉ እንደማይሆን አስተምረውናልና።

ሌላም እንግዳ መጥቶብናል። እ.ኤ.አ በ2021 ክረምት ጦርነቱ በሊማሊሞ ወዲያ ያሉትን መንደሮች ባጥለቀለቀ ጊዜ ከአዲአርቃይና ከዛሪማ አካባቢ የተፈናቀሉ ሰዎች ደባርቅ ገብተዋል። በዳባትም አለምዋጭ በተባለው ቦታ የኤርትራ ስደተኞች መጠለያ ተቋቁሟል። ለእነዚህ ሰዎች ደባርቅና ዳባት ጎብኝተው የሚመለሱባቸው ከተሞች አልነበሩም። በቆላ ልብስ ወደ ደጋ ብርድ የገቡ እናቶች፣ ማንም የማያውቃቸው አባቶች ነበሩ። ለአንድ ሕፃን የአንድ ከተማ የመጀመሪያ ትዝታ የተዘጋ በር ወይም የተዘረጋ ብርድ ልብስ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሚሆን የሚወስኑት የከተማው ነዋሪዎች ናቸው። ስለ መጀመሪያ እይታ ስንናገር ከተማዋ እኛው ራሳችን መሆናችንን አንርሳ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና እንደገቡ ለሕዝቡ ከተናገሯቸው የመጀመሪያ ቃላት መካከል ሰላምታን ማሰራጨትና ምግብን ማብላት ይገኙበታል። ይህን የነገረን ዐብዱላህ ኢብን ሰላም (ረ.ዐ) ነው። ያን ጊዜ ገና ያልሰለመ የአይሁድ ሊቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሲያይ የውሸታም ፊት አለመሆኑን ተረዳ። የመጀመሪያ እይታ እውነት የሚሆነው የሚታየው ፊት እውነተኛ ሲሆን ነው።

በመጨረሻም ለቤተሰቦች አንድ ነገር ልናገር። ልጃችን ባዕድ ከተማ በገባችበት ምሽት «አገሩ እንዴት ነው?» ብለን አንጠይቃት። ይህ ጥያቄ የማታውቀውን እንድትመሰክር ያስገድዳታል። እኛን ለማስደሰት ስትል «በጣም ጥሩ ነው» ትላለች። መንደሩ ያን ይይዛል። ከሦስት ወር በኋላ በደል ቢደርስባት፣ ደመወዟ ቢከለከል፣ ከቤት መውጣት ብታጣ የመጀመሪያው ቃሏ አፏን ይዘጋባታል፤ «ገነት ነው አላልሽምን?» እንባላለሁ ብላ ትፈራለችና። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን «ሰላም ገባሽ? ቂብላውን አወቅሽ? ሰላም ያለሽ ሰው አለ? አንቺስ ለማን ሰላም አልሽ?» እንበላት። «አገሩና ሰዉ እንዴት ነው?» የሚለውን ከሦስት ወር በኋላ እንጠይቃት፤ ከዓመትም በኋላ ደግመን እንጠይቃት። ስትመልስም ሳንቆጣ፣ ሳናቋርጥ እንስማት። የምሬቷንም የደስታዋንም ቃል እኩል እንቀበላት። ልጆቻችንንም ከመሸኘታችን በፊት ከስንቁ ጋር ሦስቱን የዑመር ጥያቄዎች እናሲዛቸው፤ ጎረቤት ሳይሆኑ፣ ሳይገበያዩ፣ አብረው መንገድ ሳይሄዱ በሰው አገር ሕዝብ ላይ እንዳይፈርዱ እንምከራቸው። በከተማችን መናኸሪያ የምናየው የማናውቀው ሰውም ምናልባት ቱኒስ ደጃፍ ላይ እንዳለቀሰው ወጣት ሰላም የሚለው አጥቶ የቆመ ይሆናልና ቀርበን ሰላም እንበለው።

አላህ (ሱ.ወ) በሰው አገር ያሉትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን። የገቡበትን ከተማ መልካሙን ይስጣቸው፤ ከክፉው ይሰውራቸው። የእኛንም ከተማ ለመጣባት እንግዳ ሁሉ የሰላም በር ያድርጋት። አሚን።